ስለ መተላለፊያው መስኮት

ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው ሐሳቡ ብዙ ነው። የመሠረቱ ጥልቀት ያሳስበዋል፤ የጣራው ቆርቆሮ ያሳስበዋል፤ ሳሎኑ ስንት እንግዳ እንደሚይዝ፣ የግቢው በር ከመንገድ ሲታይ ምን እንደሚመስል ሌሊት ተኝቶ ያሰላስላል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚታለፍበትን ጠባብ ስፍራ፣ ማለት ዛሬ ሁላችንም ኮሪደር የምንለውን መተላለፊያ የሚያስታውሰው ግን ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እኔን በሱሉልታ በሠራኋት ቤት ከሳሎኑም ከመኝታ ቤቱም ይልቅ ያስጨነቀኝ ይኸው መተላለፊያ ነው፤ ይልቁንም የመስኮቶቹ ልክ። ስለ ሦስት መስኮቶች ቁመትና ወርድ ሁለት ወር ሙሉ ከግንበኛው፣ ከባለቤቴ፣ ከእናቴና ከራሴ ጋር ስከራከር ቆየሁ ብል አንባቢ ይስቅብኝ ይሆናል። ቢስቅም አልቀየምም፤ ነገሩን ግን እስከ መጨረሻው ይስማኝ።

ሱሉልታን የሚያውቅ ሰው ብርዷን ያውቃል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎጃም መንገድ የእንጦጦን ዳገት የወጣ መንገደኛ ባሕር ዛፉን አልፎ ቁልቁል ሲመለከት ሰፊው ሜዳ ተዘርግቶ ይታየዋል። በክረምት ሜዳው ውሃ ያቁራል፤ በጥቅምትና በኅዳር ሣሩ ይታጨድና ድርቆሹ ይከመራል፤ በመኪና እየተጫነም ለከተማው ላሞች ይወርዳል። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላለው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያድራል። ከተማይቱ በ2015 ዓ.ም. ከሰበታና ከቡራዩ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃላለች፤ ብርዱ ግን እንደ ጥንቱ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ቦታ ሲመርጡ ቆላ ቢጤ የሆነውን ወገን ሲሹ እኔ ሱሉልታን የመረጥሁት በአንድ ምክንያት ብቻ ነው። እናቴ የምትኖረው በፍቼ ነው፤ ሱሉልታም በፍቼ መንገድ ላይ ናት። አንድ ቀን አብራን እንድትኖር ለማምጣት ባስብ፣ ወደ ዘመዶቿ ለመመለስ በፈለገች ጊዜ በበራችን ከሚያልፈው መኪና ላይ ትሳፈር ዘንድ ነበር ሐሳቤ።

እናቴ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ከእኛ ዘንድ ሰንብታ ነበር። ያን ጊዜ የምንኖረው በአዲስ አበባ በኪራይ ቤት ነበር። ቤቱ በመካከሉ ረጅም መተላለፊያ ነበረው፤ መስኮት ግን አንድም አልነበረውም፤ ቀንም ሌሊትም በአንዲት አምፑል የሚበራ ነበር። ያች አምፑል ተቃጠለች። ባለቤቴ ነገረችኝ፤ እኔም «ነገ እገዛለሁ» አልሁ። በማግሥቱም እንዲሁ «ነገ» አልሁ። በሦስተኛው ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ እናቴ እንደ ልማዷ ለጸሎት ተነሥታ ግድግዳውን እየዳበሰች ስትሄድ፣ ከማድ ቤቱ በፊት የነበረችውን አንዲት ደረጃ ስታ ወደቀች፤ የቀኝ እጇም ከአንጓው ተሰበረ። አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ወደ ፍቼ ልሸኛት መናኸሪያ ይዣት ስሄድ ምንም የወቀሳ ቃል አልተናገረችኝም። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ብቻ «ልጄ፣ ፀሐይ የሚገባበት ቤት ስትሠራ ጥራኝ» አለችኝ። ይህን ቃል ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ «ነገ» የሚለውን ቃል በአፌ ባወጣሁ ቍጥር ያች ደረጃ ትታየኛለች።

እንደ እውነቱ ከሆነ ስለ ጨለማ መተላለፊያ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ሊኖር አይገባም ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ፈጽሜ በመንግሥት ሥራ ከተቀጠርሁ ወዲህ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው። የክፍላችን በር የሚከፈተው ግራና ቀኙ በር ብቻ በሆነ ረጅም መተላለፊያ ላይ ነው፤ ብርሃንም የሚገባው በሁለቱ ጫፎች ካሉት ሁለት ትልልቅ መስኮቶች ብቻ ነው። መስኮቶቹ ትልቅ መሆናቸው ምንም አልጠቀመም። ከፊት ለፊት የሚመጣ ሰው ከኋላው ያለው ብርሃን ስለሚበዛ ጥላው እንጂ ፊቱ አይለይም፤ አለቃህን ነው ብለህ እጅ የነሣኸው ሰው ሻይ አቅራቢው ሆኖ ይገኛል፤ ሻይ አቅራቢው ነው ብለህ ችላ ያልኸው ደግሞ አለቃህ ይሆናል። ይህስ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው የባለጉዳዩ ነገር ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ሽማግሌ ማመልከቻውን በእጁ ይዞ፣ በበሩ ላይ የተለጠፈውን ቍጥር ማንበብ አቅቶት፣ ወረቀቱን ወደ ጫፉ መስኮት እያቀረበ ሲያነብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰው በሳሎን የሚቀመጠው በክብር ተጠርቶ ነው፤ በመተላለፊያ የሚቆመው ግን ሳይወድ ነው።

ወደ ቤቴ ነገር ልመለስ። መሠረቱ በ2014 ዓ.ም. ወጣ፤ ሲሚንቶ የጠፋበት ጊዜ ስለ ነበረ ግንቡ ሳይነሣ ወራት አለፉ። ፕላኑ እንዲህ ነበር፤ ሦስቱ መኝታ ቤቶች በምዕራብ በኩል ተሰልፈው በሮቻቸው ሁሉ በምሥራቅ በኩል ባለው መተላለፊያ ላይ ይከፈታሉ። መተላለፊያው ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል ሆኖ አንዱ ጎኑ የቤቱ የምሥራቅ ግድግዳ ነው። በደቡብ ጫፉ ሳሎኑ አለ፤ በሰሜን ጫፉ ያለው የመጨረሻው በር ለእናቴ ያሰብሁላት ክፍል ነው። ፕላኑን የነደፈው ወጣት በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ሦስት ትንንሽ መስኮቶችን ምልክት አድርጎ ልኩን ሳይጽፍ ትቶት ነበር። ብጠይቀው «እሱን ከግንበኛው ጋር ተነጋገሩበት» አለኝ።

ግንበኛው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ እዚያው ሱሉልታ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። በኦሮምኛ መስኮት «ፎዳ» እንደሚባል የተማርሁት ከእርሳቸው ነው። «ለኮሪደር ስድሳ በስድሳ ይበቃል» አሉኝ፤ «ከፍ አድርገን ከወለሉ 1 ሜትር ተኩል ላይ እናስቀምጠዋለን። ሌባ አይገባበትም፤ ብርድ አይገባበትም፤ ዋጋውም ቀላል ነው።» ይህን የሚሉት ከንፉግነት አልነበረም። ያደጉበት ቤት ምንም መስኮት አልነበረውም። በደጋው አገራችን የነበረው ጎጆ ብርሃን የሚያገኘው በበሩ ነበር፤ ለዚህም በቂ ምክንያት ነበረው። መስተዋት አልነበረም፤ ክፍት የተተወ ቀዳዳ ደግሞ ለንፋስና ለአውሬ በር መስጠት ነበር። የጭቃ ግድግዳ በተሸነቈረ ቍጥር ይደክማል፤ ጭሱም በሣር ክዳኑ ሾልኮ ይወጣል ይባል ነበር። በእርግጥ ሁሉ አይወጣም፤ የእናቴ ዓይን ከጊዜው በፊት የደከመው በዚያው ጭስ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ጊዜ ስለ መስኮት ማንበብና ማሰብ ጀመርሁ። የሚገርመው አባቶቻችን በቤታቸው መስኮት የማያበዙትን ያህል በድንጋይ ሥራቸው ላይ መስኮት ማብዛታቸው ነው። በአክሱም የወደቀው ትልቁ ሐውልት ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል ሲሆን እንደ 13 ደርብ ቤት ሆኖ የተቀረጸ ነው። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰውና በ2000 ዓ.ም. እንደ ገና የቆመው 24 ሜትር ሐውልት ደግሞ ከታች እስከ ላይ መስኮት በመስኮት ነው፤ ነገር ግን አንድም ሰው በውስጣቸው አልተመለከተም፤ ሁሉም ድፍን ድንጋይ ናቸው። በላሊበላ ያለው የቤተ ጊዮርጊስ መስኮት ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል፤ የላይኞቹ 12 መስኮቶች ክፍት ሲሆኑ የታችኞቹ 9 ምስል ብቻ ናቸው። ብርሃኑ ከላይ እየመጣ በጸሎት ላይ ባለው ሰው ላይ ይወርዳል፤ ሰውየው ግን ውጭውን አያይም። ለቤተ ክርስቲያን ይህ መልካም ነው፤ ሰው ወደዚያ የሚገባው ግቢ ለማየት አይደለምና። በእንግሊዝ አገር ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1696 እስከ 1851 ድረስ በመስኮት ቍጥር ግብር ይከፈል ነበር። ብዙ ባለቤቶችም ግብሩን ለመሸሽ መስኮታቸውን በጡብ ደፈኑት፤ የተደፈኑት መስኮቶች በአንዳንድ አሮጌ ቤቶች ላይ ዛሬም ይታያሉ። (ይህን የጻፍሁት ለገቢ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤቶች ባልደረቦቻችን ሐሳብ ለማቅረብ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።)

ግንበኛው ያሉኝን ልክ በወረቀት ላይ አሰላሁት። በብዙ አገሮች የቤት ሥራ ባለሙያዎች የአንድ ክፍል መስኮት ከወለሉ ስፋት አንድ ዐሥረኛ እጅ ያህል እንዲሆን ይመክራሉ። የእኔ መተላለፊያ 8 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ስለሆነ ስፋቱ 12 ካሬ ሜትር ነው፤ ዐሥረኛው እጅ 1 ካሬ ሜትር ከ20 ይሆናል። ሦስት መስኮቶች ስድሳ በስድሳ ቢሆኑ ግን 1 ካሬ ሜትር ከ8 ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ ያረጀ ዓይን የወጣት ዓይን አይደለም፤ የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመቱ ይደርስ ከነበረው ሢሶ ያህል ብቻ እንደሆነ የዓይን ሊቃውንት ይናገራሉ። ስለዚህ ለእኔ የበቃኝ መስኮት ለእናቴ አልበቃትም ማለት ነው።

ባለቤቴ በበኩሏ ከግንበኛው ተቃራኒ ወጣች። በቴሌቪዥን ያየችው ቤት ከወለል እስከ ጣራ መስተዋት ነበረና «ግድግዳው ሁሉ መስተዋት ይሁን፤ እማማም ግቢውን እያዩ ይውላሉ» አለችኝ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ አገሩ ግን ሱሉልታ ነው። አንድ ንብር መስተዋት በተለሰነ ብሎኬት ግድግዳ ከሚያልፈው ሙቀት እጥፍ ያህሉን ወደ ውጭ ያሳልፋል። ቀን ያስገባውን ፀሐይ ሌሊት መልሶ ይሰጠዋል። ዋጋውም ከደመወዜ ጋር ፈጽሞ አይተዋወቅም። «መስተዋቱን የሚያጥበው ማን ነው?» ብዬ ብጠይቃት ጥቂት ቀዝቀዝ አለች፤ ሆኖም «የአንተ ኮሪደር እንደ መሥሪያ ቤታችሁ እንዳይሆን ፈርቼ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ይህን ስትል መልስ አጣሁ።

ከዚህ በኋላ ስለ ፀሐይዋ ማሰብ ግድ ሆነ። አገራችን ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወገን አትሆንም። በሱሉልታ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ በስተሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀረው ጊዜ በስተደቡብ ታልፋለች። ስለዚህ የሰሜን መስኮት ፀሐይ የሚያገኘው ይልቁን በደመናው ወራት ሲሆን፣ የደቡብ መስኮት ደግሞ በበጋ ያገኛል። የምሥራቅ ግድግዳ ግን በየዕለቱ ጧት፣ ያውም ከሌሊቱ ብርድ በኋላ ቤት ሁሉ ሙቀት በሚናፍቅበት ሰዓት ፀሐይ ይመታዋል። መተላለፊያዬ በምሥራቅ በኩል መዋሉን እንደ ጉድለት ስቈጥረው ኖሬ የቤቱ ምርጥ ግድግዳ እርሱ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. እናቴን ቤቱን እንድታይ ከፍቼ አመጣኋት። የምሥራቁ ግድግዳ ገና ሦስተኛው የብሎኬት ረድፍ ላይ ነበር። ከአሸዋው ክምር ወዲህ፣ ከተከመረው ቶንዲኖ ወዲያ እየተራመደች ክፍሎቹን አንድ በአንድ አየች፤ ሳሎኑን «መልካም ነው» ብላ አለፈችው። ከመተላለፊያው ስትደርስ ቆመችና «ይህ ምንድን ነው?» አለች። «ወደ አንቺ ክፍል የሚወስድ መንገድ ነው፣ እማዬ» አልኋት። ግንበኛው ከላይ ሆነው የሚከፈቱትን ትንንሽ መስኮቶች በእጃቸው ሲያሳዩዋት ራሷን ነቀነቀችና «ኖኅ እንኳ በመርከቡ ላይ መስኮት ትቶ ነበር፤ ያውም ውጭው ሁሉ ውሃ ሳለ» አለቻቸው። ግንበኛው ሳቁ። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ከጎረቤት በርጩማ አስመጥቼ በመተላለፊያው ውስጥ ፊቷን ወደ ምሥራቅ መልሳ እንድትቀመጥ ለመንኋት። ከግንበኛው እጅ ሜትሩን ተቀብዬ ከወለሉ እስከ ዓይኗ ለካሁ፤ 98 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ቆማ ስለካት 1 ሜትር ከ41 ሆነ። እናቴም «ምነው ልጄ፣ ከወዲሁ ሣጥን ልታስገዛልኝ ነው?» አለችኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሁላችንም መስኮቱን የለካነው በግድግዳው፣ በሌባውና በኪሳችን ነበር። ዓይኗን ከለካሁ በኋላ ክርክሩ አጠረ። 1 ሜትር ተኩል ላይ የሚጀምር መስኮት ቆማም ሆነ ተቀምጣ ከዓይኗ በላይ ነው፤ ሰማይ ያሳያታል እንጂ ሰው አያሳያትም። ከግንበኛው ጋር ተቀምጠን እንዲህ ቈረጥን። የመስኮቶቹ ሁሉ ራስ ከበሮቹ ራስ ጋር እኩል በ2 ሜትር ከ10 ላይ ይሁን። ከሳሎኑ ወገን ያሉት ሁለቱ መስኮቶች ወርዳቸው 60 ሳንቲ፣ ቁመታቸው 1 ሜትር ሆኖ መተላለፊያውን ያለ ጨለማ ሰበዝ ያብሩት። ሦስተኛው፣ ከእናቴ በር ፊት ለፊት ያለው፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ40 ይሁን፤ ደፉም ከወለሉ 70 ሳንቲ ላይ፣ ማለት ሦስቱ ረድፍ ብሎኬትና በላዩ የሚፈሰው አርማታ ሲደመር ላይ ይረፍ። ሦስቱ ሲደመሩ 2 ካሬ ሜትር ከ88 ስለሆኑ ከወለሉ ሩብ ሊሞሉ ጥቂት ይቀራቸዋል። ብርዱንስ? በትልቁ መስኮት ላይ በውስጥ በኩል የእንጨት መዝጊያ እንዲሠራ ተስማማን፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል፤ ጧት ይከፈታል።

ግንበኛው አንድ ጊዜ ካመኑበት በኋላ ከእኔ የበለጠ አሳቢ ሆኑ። የመስኮቶቹን ጠርዝ በውስጥ በኩል ቀጥ አድርገው እንዳይለስኑት፣ ይልቁንም ሰያፍ አድርገው ወደ ግድግዳው እንዲያሰፉት ሐሳብ ያመጡት እርሳቸው ናቸው። በዚህ ዘዴ ብርሃኑ በጠርዙ ላይ ሸርተት እያለ ወደ ጎን ይበተናል፤ መስኮቱ ሳይሰፋ የሰፋ ይመስላል። በሮቹ ያሉበትን የፊት ለፊቱን ግድግዳም ነጭ ቀባነው፤ ነጭ ግድግዳ የተቀበለውን ብርሃን መልሶ ይሰጣልና፣ ከመስተዋት ሁሉ የረከሰው መስተዋት እርሱ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። መስኮቶቹን በላሜራ እንዲሠሩ ለብረታ ብረት ቤት ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን የጻፍሁትም እኔ ነኝ፤ መዝገብ ክፍል ውስጥ ይህን ያህል ዓመት የሠራሁ እኔ። በወረቀቱ ላይ «1.40 በ1.20፣ ብዛት አንድ» ብዬ ጻፍሁና ቁመቱ የትኛው፣ ወርዱ የትኛው እንደሆነ ሳልገልጽ ፈረምሁበት። በሙያው ዘንድ አስቀድሞ የሚጻፈው ወርዱ ነው። መስኮቱ ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ በጋሪ ሲመጣ ቁመቱ 20 ሳንቲ አጥሮ ወርዱ 20 ሳንቲ ረዝሟል። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ስሕተቱም የእኔ ስለሆነ የምቈጣው ሰው አጣሁ። የጎኑን ክፍተት ግማሽ ብሎኬት ፈልፍሎ ማስፋት ይቻላል፤ ቁመቱ ግን ራሱን ከበሮቹ እኩል ለማድረግ ደፉ ከ70 ወደ 90 ሳንቲ መነሣት አለበት። በርጩማ ላይ የተቀመጠች እናቴ ዓይኗ 98 ላይ ነው። ግቢውን ለማየት የቀራት 8 ሳንቲ ብቻ ነው ማለት ነው፤ አንገቷን እንደ ሰጎን መዘርጋት ሊኖርባት ነው።

ያን ዕለት ማታ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ በሚኒባስ ውስጥ አንድ ቃል ሳልናገር ነበር። በማግሥቱ ግንበኛው ስልክ ደውለው «መስኮቱን ዝቅ ማድረግ ካልቻልን እሳቸውን ከፍ እናድርጋቸው» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር በብሎኬት 45 ሳንቲ ከፍታ ያለው፣ ወርዱ 40 ሳንቲ የሆነ መደብ ሠሩ። መተላለፊያው በዚያ ስፍራ ወደ 1 ሜትር ከ10 ጠበበ፤ ለአንድ ሰው ማለፊያ ግን ይበቃል። መደብ የሌለበት ቤት ለእናቴ ቤት አይመስላትም፤ እኔ በዘመናዊው ቤቴ ውስጥ መደብ ለማስገባት ፈጽሞ አላሰብሁም ነበር። ባለቤቴ የበግ አጎዛ አነጠፈችበት። በመደቡ ላይ ጎኗን ለመስኮቱ ሰጥታ ስትቀመጥ ዓይኗ 1 ሜትር ከ13 ላይ ይሆናል፤ ከደፉ 23 ሳንቲ ይበልጣል። ለካሁት ወይ? አዎን፣ ለካሁት።

እናቴ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ገባች። ቤቱን ስንመርቅ እንግዶቹ ሁሉ በሳሎኑ ሲቀመጡ እርሷ ከመደቡ ላይ አልተነሣችም። ዛሬ ጧት ጧት ከንጋቱ ጸሎቷ በኋላ መዝጊያውን ራሷ ትከፍታለች። ምሥራቅን ለጸሎት ፍለጋ ድሮ በየሰዉ ቤት ትጠይቅ ነበር፤ አሁን መስኮቱ ይነግራታል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጎኗን እያሞቀች እህል ትለቅማለች፤ ልጆቼ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ በመስኮቱ ኮታቸውን እንዲቈልፉ ትጮኽባቸዋለች፤ በግቢው ዳር የተከለችውን ጤና አዳም የጎረቤት ዶሮ ሲጭረው «እሽ!» ትላለች። ክፍሏን ለእንቅልፍ ብቻ ነው የምትገባበት። ለመተላለፊያ የሠራነውን ስፍራ ቤቷ አደረገችው፤ እኛ ደግሞ ስናልፍ «ይቅርታ» እያልን የምናልፍባት ሆነናል።

ታሪኩ በዚህ ባለቀ ነበር። ዘንድሮ ግን በምሥራቅ በኩል ያለው ባዶ ቦታ ባለቤት ሥራ ጀመረ። በእኔ ግድግዳና በወሰኑ መካከል 3 ሜትር አለ፤ እርሱም ከወሰኑ 2 ሜትር ሸሽቶ ይሠራል፤ በጠቅላላው በሁለቱ ቤቶች መካከል 5 ሜትር ይሆናል። ፀሐይ በእኛ አገር ከወጣች በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 15 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። እንደ እኔ ባለ አንድ ደርብ ቤት ቢሠራ ፀሐይ ጣራውን ተሻግራ ከእናቴ ትከሻ የምትደርሰው ወደ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ፎቅ ከሠራበት ግን እስከ 4 ሰዓት ገደማ ትዘገያለች፤ በዚያ ሰዓት እናቴ ከመደቡ ተነሥታ ማድ ቤት ናት። ይህን ሁሉ በደብተር አስልቼ፣ ሥዕል ሥዬ፣ አንድ እሑድ ወደ ሰውዬው ሄድሁ።

ሰውዬው ወጣት ነጋዴ ነው፤ በአክብሮት ተቀበለኝ። «ጋሼ፣ እኔ ለእማማ ክፉ አላስብም» አለኝ፤ «ግን ቦታው ትንሽ ነው፤ ወንድሞችም አሉኝ፤ ወደ ላይ ካልሠራሁ የት እሠራለሁ?» በእውነት የሚለው አግባብ ነው። እኔ በገዛ ቦታዬ ላይ መስኮት ስከፍት እርሱን አላማከርሁትም፤ ፀሐይዋንም በመዝገብ ቤት አላስመዘገብኋትም። ፎቁን ወደ ምሥራቅ ወሰኑ ጠጋ አድርጎ በእኔ በኩል ያለውን ዝቅ ቢያደርገው ብዬ ሥዕሉን አሳየሁት። ወረቀቱን ገለባብጦ አየና «መሐንዲሱን ልጠይቅና ነገ እነግርዎታለሁ» አለኝ። «ነገ» ሲል ሰውነቴ ቀዘቀዘ፤ ይህን ቃል እኔ ራሴ ለስንቱ ሰው እንደተናገርሁት አውቃለሁና።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አልፏል። ለእናቴ ስለ ሥዕሉም ስለ ዲግሪውም አልነገርኋትም። እርሷ ግን ሠራተኞቹ ከመጡበት ቀን ጀምሮ ቡናዋን የምታፈላው በመደቡ አጠገብ ነው። ከመካከላችን ገና የእሾህ ሽቦ ብቻ ስላለ ስትጠራቸው ይሰማሉ፤ ሲኒውም በመስኮቱ ፍርግርግ መካከል ያልፋል፤ ይህን ልክ ደግሞ እኔ አልለካሁትም። ሁሉንም በስማቸው ታውቃቸዋለች፤ ማን እንዳገባ፣ ማን ለእናቱ ገንዘብ እንደሚልክ ነግራኛለች። ባለቤቱም ራሱ ሁለት ጊዜ ከአቦሉ ቀምሷል። ባለፈው ቅዳሜ ጧት ከመስኮቱ ቆሜ ብሎኬቱን ስቈጥር አምስተኛ ረድፍ ላይ ደርሶ ነበር። «ምን ትቈጥራለህ?» አለችኝ። «ምንም፣ እማዬ» አልኋት። «እንግዲያስ ሲኒዎቹን ቍጠርልኝ» አለች፤ «ዛሬ ሰባት ናቸው።»